ሙዚቃ የሌለው ለቅሶ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። «ባፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» የተባለውን የቆየ ተከታታይ ድራማ ፒያሳ ካለ ፊልም ቤት በፍላሽ አስጭኜ ከወንድሜና ከአያቴ ጋር ማታ ማታ ስናይ ቆይተን፣ አሁን 5ኛው ሲዝን 16ኛ ክፍል ላይ ደርሰናል። እስከዚህ ድረስ የለመድነው ባፊ ቫምፓየር ስትገድል፣ ጓደኞቿ አስማት ሲያከሽፉ፣ ዓለም ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ሲተርፍ ነበር። በዚህ ክፍል ግን እናቷ ጆይስ በቤቷ ሶፋ ላይ ሞታ ተገኘች፤ ገዳይ የለም፣ ጋኔን የለም፣ የሚበቀሉት ጠላት የለም። ክፍሉ ሲያልቅ ሦስታችንም የተለያየ ነገር ተናገርን። ወንድሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማጀቢያ ሙዚቃ ስላልሰማ ፋይሉ ሲገለበጥ ተበላሽቷል ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከራል። አያቴ ንግግሩን እኔ እየነገርኳቸው ነው የሚከታተሉት፤ እርሳቸው «እናቷ ሞታ ይቺ ልጅ ለምን አትጮኽም? ጎረቤትስ የላትም ወይ?» ብለው ተቆጡ። እኔ ደግሞ መጨረሻው ላይ በአስከሬን ማቆያው ክፍል ቫምፓየር መነሣቱ ያን ሁሉ ሐዘን ያበላሸው መስሎኛል። ከዚህም ሌላ፣ ባፊ ራሷ ወደፊት ሞታ በ6ኛው ሲዝን በአስማት እንደምትነሣ ጓደኞቼ አስቀድመው ነግረውኛል። እሷ ከተነሣች እናቷ የማትነሣበት ምክንያት ምንድን ነው? ደራሲው አዳልቷል ልበል?
(ከማራኪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ እህታችን፣ ከወንድምዎ ክርክር እንጀምር፤ የእሱ ጥርጣሬ ከተፈታ የሌሎቹ ጥያቄዎች ግማሽ መልስ ያገኛልና። ፋይሉ አልተበላሸም። «ዘ ቦዲ» የሚል ርእስ የተሰጠው ይህ ክፍል በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈው በእኛ አቆጣጠር የካቲት 20 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ዕለትም ከተከታታዩ የመግቢያ ዜማ በስተቀር ትዕይንቶቹን የሚያጅብ አንድም ሙዚቃ አልነበረውም። ድርሰቱንም ዝግጅቱንም የሠራው የተከታታዩ ፈጣሪ ጆስ ዊደን ነው። ዊደን የራሱን እናት በሞት ያጣ ሰው ነው፤ በዚህ ክፍል ሊያሳይ የፈለገውም ሰው ሲሞት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰዓታት፣ ገና እንባው ሳይመጣ ያለውን መደንዘዝና ከመሰልቸት የማይለይ ባዶነት እንደሆነ ተናግሯል።

የማጀቢያ ሙዚቃ ለተመልካች ትልቅ ውለታ ይሠራል፤ ምን ሊሰማን እንደሚገባና መቼ ማልቀስ እንዳለብን አስቀድሞ ይነግረናል። በእኛም ድራማዎች ዋሽንቱ ሲጀምር አንድ ሰው መሞቱን ገና ፊቱን ሳናይ እናውቃለን፤ እንባችንንም ለዋሽንቱ እናዘጋጃለን። ዊደን ይህን ውለታ ነፈገን። ሙዚቃው ሲወጣ የቀሩትን ድምፆች ልብ ብለው ከሆነ፣ የስልኩ ቁልፎች ሲጫኑ፣ ባፊ የእናቷን ደረት እየተጫነች ትንፋሽ ልትመልስ ስትሞክር አንድ የጎድን አጥንት ሲሰበር፣ ጫማ ወለሉን ሲረግጥ ይሰማሉ። ከዚህ በቀር ዝምታ ነው፤ ወንድምዎን ያስጨነቀውም ይኸው ዝምታ ይመስለኛል። የክፍሉ አከፋፈትም የታሰበበት ነው። ባፊ እናቷን ሶፋ ላይ አይታ ድምፅዋ በሕፃን ድምፅ እንደተለወጠ፣ ታሪኩ በድንገት ወዳለፈ የገና እራት ይመለስና ሁሉም ሲበሉና ሲሣሣቁ ያሳያል፤ የባለሙያዎቹ ስም በስክሪኑ ላይ የሚያልፈው በዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሶፋው ስንመለስ በጆይስ ፊት ላይ አንድም ፊደል አያርፍም።

የአያትዎ ጥያቄ ከሁሉ የላቀ ነው፤ ብዙ የፊልም ሐያሲ ያላነሣውን አንሥተዋል። «ጎረቤትስ የላትም ወይ?» የሚለው ቁጣ የሚወጣው ሞት የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ በሆነበት አገር ካደገ ሰው አፍ ነው። በጎንደርም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል አንድ ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሐዘንተኛው የሚጠጣው ውኃ እንኳ በሌላ ሰው እጅ ይቀርብለታል። አስከሬን ለአንዲት ደቂቃ ብቻውን አይተውም፤ ታጥቦ ተገንዞ፣ ፍትሐት ተደርሶለት፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ይቀበራል። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ የሟች ደግነት በግጥም ይወጣል፤ ያላለቀሰውም ከእሷ ጋር ያለቅሳል። ሐዘንተኛው «አሁን ምን ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ አይሰጠውም፤ ሥርዓቱ ራሱ እየመራ ይወስደዋል።

አሁን በዚህ ዓይን ወደ ባፊ ቤት እንመለስ። በአምቡላንስ የመጡት ሁለት የሕክምና ባለሙያዎች እናቷ መሞቷን ይነግሯታል፤ ወዲያው ሌላ ጥሪ ይመጣና አስከሬኑን እንዳትነካ አሳስበው ይሄዳሉ። ልጅቱ ከእናቷ ሬሳ ጋር ለብቻዋ ትቀራለች። አያትዎን ያስቆጣቸው ይህ ከሆነ፣ ዊደንም ተመልካቹ እንዲቆጣ ፈልጎ ነበር ብል አልተሳሳትሁም፤ ካሜራው ያን ብቸኝነት ሳይቆርጥ ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል። ባፊ ትራመዳለች፣ ምንጣፉ ላይ ታስመልሳለች፣ የጓሮውን በር ከፍታ ትቆማለች። ውጭ ፀሐይ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ይጫወታሉ። ጥሩምባ የነፋላት የለምና ሰፈሩ አልሰማም። ተመልሳ ያስመለሰችበትን ቦታ በወረቀት ትሸፍናለች፤ እርጥበቱም በወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ይወጣል። ዓለምን ከአንድም ሁለት ጊዜ ያዳነች ጀግና በዚያ ሰዓት ልታደርገው የቻለችው ነገር ምንጣፍ ማድረቅ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ አያትዎ ምናልባት ሳያዩት አልፈው ከሆነ መልሰው ያሳዩአቸው። ባለሙያዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ባፊ ጎንበስ ብላ ወደ ላይ የተሰበሰበውን የእናቷን ቀሚስ ዝቅ ታደርጋለች። ማንም አላዘዛትም፤ ባዕድ ሰው ወደ ቤት ሊገባ ነውና የእናቷን ገመና ሸፈነች። ይህን ለማድረግ የጎንደርም የካሊፎርኒያም ሰው መሆን አያስፈልግም። እኔ በግሌ ከጩኸት ሁሉ የሚበልጥ ለቅሶ ሆኖ ያገኘሁት ይህን የእጅ እንቅስቃሴ ነው። በኋላ ደግሞ ባፊ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ መካሪዋ ጃይልስ መጥቶ ወደ ጆይስ ሲሮጥ አስከሬኑ መነካት እንደሌለበት ትጮኽበታለች። ከዚያ «አስከሬን» ብላ የጠራችው እናቷን መሆኑ ወዲያው ይገባትና አፏን ትይዛለች።

ስለ መርዶውም ጥቂት ልጨምር። እኛ ዘንድ መርዶ ሽማግሌዎችና ዘመዶች ተሰባስበው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውዬው ደግፈው የሚይዙት ሰዎች አጠገቡ መኖራቸው ተረጋግጦ የሚነገር ነው። ባፊ ግን ለታናሽ እኅቷ ለዶውን የምትነግራት ትምህርት ቤት ሄዳ፣ ከክፍል አስወጥታ፣ ኮሪደር ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ዶውን የሥዕል ትምህርት ላይ ነበረች፤ መምህሩ ተማሪዎቹ የቆመውን ቅርፅ ራሱን ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ባዶ ቦታ እንዲሥሉ አዝዘዋቸዋል። ካሜራው እኅትማማቾቹን ተከትሎ አይወጣም ማለት ይቻላል፤ ከተማሪዎቹ ጋር ከመስታወቱ ወዲህ ይቀራል። የባፊን ቃል አንሰማም፤ ዶውን «አይሆንም» እያለች ወለሉ ላይ ስትወድቅ ብቻ እናያለን። የተባለውን ሳያሰማን በዙሪያው ያለውን አሳየን፤ የሥዕል መምህሩ ያዘዙትን ዊደን ራሱ ሠራው ማለት ነው። በልጅቱ ዙሪያ ደጋፊ አለመኖሩ ግን አያትዎ እንዳሉት ነው፤ ልቤ ከእርሳቸው ጋር ነው።

ለአያትዎ አንድ መጽናኛ አለኝ። የፈለጉት ለቅሶ በ17ኛው ክፍል ይመጣል። እዚያ ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላ ዶውን እኅቷን ስላላለቀሰች ትከስሳታለች፤ ባፊም ሥራ የምታበዛው ሥራው ካቆመ እናቷ በእርግጥ መሄዷ ስለሚታወቃት እንደሆነ ተናግራ ትሸነፋለች። ይህን ብቻ ልበልና ቀሪውን ራስዎ ይንገሯቸው።

ቫምፓየሩን በተመለከተ ከእርስዎ ጋር በከፊል እስማማለሁ። በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ሆስፒታል፣ ከጆይስ አጠገብ ሊነሣ የተዘጋጀ ቫምፓየር ተኝቶ መገኘቱ ትንሽ የተመቻቸ ነው፤ የቀደሙት ግማሽ ሰዓት ያህል ደቂቃዎች ከዚህ ዓይነቱ አጋጣሚ ርቀው ስለነበር ልዩነቱ ይታወቃል። ነገር ግን ትዕይንቱን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዩት ሦስት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ትግሉም ሙዚቃ የለውም። ሁልጊዜ በከበሮና በጊታር ታጅቦ የምናየው የባፊ ውጊያ እዚህ መተናነቅና ማለክለክ ብቻ ሆኖ፣ አስቀያሚ በሆነ መጋዝ ይፈጸማል። ሁለተኛ፣ በዚህ ተከታታይ ሙት የሚነሣበት ዋነኛው መንገድ ቫምፓየር መሆን ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሬሳዎች አሉ፣ አንዱ ተነሥቶ ይታገላል፣ ሌላዋ አትንቀሳቀስም። የማናውቀው ሰው ተነሥቶ የምናውቃት ሴት አለመነሣቷ የጆይስን ሞት ከማንኛውም ንግግር በላይ ያጸናዋል። ሦስተኛ፣ ግብግቡ ባይኖር ኖሮ ጨርቁ ከጆይስ ፊት ላይ አይወርድም ነበር። ዶውን እናቷን በዓይኗ ካላየሁ ብላ ተደብቃ የገባችው ለዚያ ነው፤ ባፊ ይህች እናታችን አይደለችም፣ እናታችን ሄዳለች ስትላት ልጅቱ ወዴት እንደሄደች ትጠይቃለች፤ ጣቷ የእናቷን ፊት ሳይነካ ክፍሉ ይቋረጣል። ደራሲው ለዚህ ጥያቄ መልስ የለኝም ብሎ አፉን ዘጋ። ሰዎች በዚህ መጨረሻ ይናደዳሉ፤ እኔ ግን መልስ ቢሰጥ ኖሮ የበለጠ እናደድ ነበር።

የማስነሣቱን ነገር ደግሞ በአጭሩ። ተከታታዩ የራሱ ሕግ አለው፤ ከተፈጥሮ በላይ በሆነ ኃይል የሞተ ሰው በአስማት ሊመለስ ይችላል፣ በሰው ልጅ ተራ ሞት የሞተ ግን አይመለስም። ባፊ በ5ኛው ሲዝን መጨረሻ የምትሞተው በዓለማት መካከል የተከፈተውን በር ለመዝጋት ራሷን ወርውራ ነው፤ ጆይስ የሞተችው ደግሞ የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና አድርጋ እያገገመች ሳለ በአንጎሏ ያለ የደም ሥር በድንገት ፈንድቶ ነው። ይህ ሕግ በግልጽ የሚነገረው በ6ኛው ሲዝን 20ኛ ክፍል፣ የባፊ ጓደኛ ዊሎ አንዲት በጥይት የሞተች ሰው ለማስነሣት ሞክራ ስትከለከል ነው፤ ስለዚህ «ሕጉ ዘግይቶ መጣ» ብለው ቢወቅሱ አልከራከርዎትም። ይሁን እንጂ በ17ኛው ክፍል ዶውን ራሷ አስማቱን ትሞክረዋለች፤ በሩም ይንኳኳል። ከበሩ ውጭ የቆመችው ምን ዓይነት እናት ልትሆን እንደምትችል ያልታወቀ በመሆኑ፣ ዶውን አስማቱን የያዘችበትን ፎቶግራፍ ቀድዳ ታከሽፈዋለች፤ ባፊ በሩን ስትከፍት ማንም የለም። ስለዚህ ደራሲው አላዳላም፤ መንገዱን ከፍቶ አሳይቶን፣ በዚያ መንገድ የምትመጣው ጆይስ እንደማትሆን እንድንፈራ አደረገን።

ጥያቄ፦ ዶውን በ5ኛው ሲዝን በመነኮሳት አስማት ከኃይል የተፈጠረች ልጅ ናት፤ የቤተሰቡ ትዝታ ሁሉ በሰው ሠራሽ መንገድ የገባ ነው። ታዲያ ለማን ነው የምታለቅሰው? ጆይስ እናቷ አይደለችም እኮ።
(ከአዘዞ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይህን ጥያቄ ከእርስዎ በፊት ጆይስ ራሷ መልሳዋለች። በዚሁ ሲዝን 9ኛ ክፍል፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አእምሮዋ ሲያርፍላት ዶውን የእሷ ልጅ አለመሆኗን ትረዳለች፤ ባፊ እውነቱን ስታረጋግጥላትም እንደ ልጇ ቆጥራ እንድትንከባከባት አደራ ትላታለች። አደራ ያለችላት እናት ልጅ ናት ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ የመነኮሳቱ አስማት ለለቅሶው ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም። በነገራችን ላይ የዶውን ሐዘን ከባፊ ሐዘን የሚከብድበት አንድ ምክንያት አለ። የዚህች ልጅ ዕድሜ በእውነቱ ከተቆጠረ ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ከእናቷ ጋር በእርግጥ የኖረችውም እነዚያን ወራት ያህል ነው።

ጥያቄ፦ አንያ የምትባለው ሴት በሐዘንተኞቹ ጓደኞቿ መካከል አስከሬኑን ይቆርጡት እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ቀጥላም ጆይስ ከእንግዲህ ጭማቂ እንደማትጠጣና ጸጉሯን እንደማታበጥር ትዘረዝራለች። እኔ ነውር ሆኖ ታየኝ፤ ባለቤቴ ግን እዚያ ላይ አለቀሰች።
(ከቸቸላ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ እርስዎም አልተሳሳቱም፣ ነውሩ ሆን ተብሎ የተጻፈ ነውና። አንያ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የበቀል ጋኔን ሆና የኖረች፣ ሰው ከሆነች ገና ጥቂት ጊዜዋ የሆነ ሴት ናት። በዘመኗ ብዙ ሞት አድርሳለች፤ የምትወደው ሰው ሲሞትባት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ይመስላል። ሌሎቹ ጓደኞች ሐዘናቸውን በሌላ ነገር ሸፍነውታል። ዊሎ ለሆስፒታል የምትለብሰው ልብስ መምረጥ አቅቷት አንዱን ስታወልቅ ሌላውን ታጠልቃለች፤ ዛንደር ግድግዳ በቡጢ ይመታል፣ እጁም ግድግዳው ውስጥ ይቀራል (ይህ ቡጢ ለእኔ የክፍሉ ደካማ ቦታ ነው፤ የተናደደ ወንድ ግድግዳ ሲመታ በስንት ፊልም አይተናል)። አንያ የምትሸፍንበት ልማድ የላትም። ሌሎቹ አዋቂ በመሆናቸው የማይጠይቁትን እሷ ትጠይቃለች፤ ለምን ወደ ሰውነቷ ተመልሳ እንደማትገባ አልገባኝም ትላለች። በለቅሶ ቤት ያለ ሕፃን «እማማ መቼ ነው የሚነሡት?» ሲል ትልልቆቹ ሁሉ አንገታቸውን እንደሚደፉ ማለት ነው።

እግረ መንገዴን ታራንም አስታውሳለሁ፤ ከእነዚህ ጓደኞች መካከል እናቷን ቀደም ብላ የቀበረችው እሷ ብቻ ናት። ሆስፒታሉ ውስጥ ባፊ የእናቷ ሞት ድንገተኛ ነበር ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ አልነበረም ብላ ጀምራ፣ ወዲያው ነበር፣ ሁልጊዜም ድንገተኛ ነው ትላታለች። በሕመም ያስታመመ ሰው ይህን ሲሰማ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ የቀደሙትን ሲዝኖች ሳላይ ይህን ክፍል ብቻ ነጥዬ ማየት እችላለሁ? ልጆችስ አብረውኝ ቢያዩ?
(ከአራዳ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ይችላሉ፤ ብዙ ሰው እንዲያ አይቶ ተነክቶበታል። ነገር ግን ጆይስን የማያውቅ ሰው የሚያየው የአንዲት ሴት ሞት ነው፤ ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምሮ ስትቆጣ፣ ስትሣሣትና ስታበስል ያያት ግን የሚያውቃትን ሰው ያጣል። ጊዜ ካጠረዎት ከ5ኛው ሲዝን 9ኛውንና 10ኛውን ክፍል ለሕመሟና ለቀዶ ሕክምናዋ፣ ከዚያ 15ኛውን ይመልከቱ፤ ባፊ ወደ ቤት ገብታ እናቷን የምታገኘው በ15ኛው ክፍል የመጨረሻ ሰከንዶች ነው። ልጆችን በተመለከተ፣ በአስከሬን ማቆያው ክፍል ልብስ የሌላቸው ሬሳዎችና የመጋዙ ነገር ስላሉ ለትንንሾቹ አይሆንም። ቤታቸው ውስጥ በቅርቡ ሐዘን የገባባቸውም ቢሆኑ ቢያንስ አርባው እስኪወጣ ቢያቆዩት ይሻላቸዋል። ፊልም ቤቱ ሲገለብጥልዎ ክፍሎቹን በተራ ቁጥራቸው እንዲያስቀምጣቸው ይንገሩት፤ 15ኛው ከ16ኛው በኋላ የተጫነበት ፍላሽ በእጄ ገብቶ ያውቃል።